ዐሥራ ሁለተኛዋ አበባ

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ሃያ ሰባት ዓመት የወንዝ ዳር ሲያጭድ ኖሮ ያን ስም ሣር በላው። ሰፈርተኛው ሁሉ «ምላጩ» ይለዋል። ያለ ምክንያት የወጣለት አይደለም። እሱ ያለፈበት ተዳፋት እንደ ሙሽራ አገጭ ለስልሶ ይቀራል፤ አንዲት ዘለላ እንኳ ከእኩዮቿ ራሷን ከፍ አድርጋ አትታይም። ድልድዩን ተደግፈው ቁልቁል የሚያዩ መንገደኞች፣ «ይሄ ሰው ወንዙን ጸጉር ቤት ወስዶ መለሰው እኮ!» ይባባላሉ። ሲሰማቸው ቀና አይልም። ማጭዱን ብቻ ትንሽ ረዘም አድርጎ ይሰነዝራል፤ ያኔ ደስ እንዳለው ይታወቃል።

የማዘጋጃ ቤቱ ዕቃ ቤት ከድልድዩ ሥር ነው። በሩ ቆርቆሮ፣ ቁልፉ ዝገት፤ ከፍተው ሲገቡ የቤንዚንና የደረቀ ሣር ሽታ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ጥግ ላይ ለሱ ተብሎ የመጣ የማጨጃ ማሽን ሸራ ለብሶ ተኝቷል። ማሽን ሜዳ ይወዳል፤ የወንዙ ዳር ግን ተዳፋት ነው። ምላጩ ደግሞ የአጎቱን ማጭድ ይወዳል፤ ስለቱ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ እጀታው መሬት ላይ ሲቆም ትከሻው ድረስ የሚመጣ። አጎቱ ሥራውን ሲያስተምረው ሁለት ነገር ብቻ ነግሮታል። አንደኛው፣ «ስለቱን ሳትስል ሣሩን አትንካ፤ በዱልዱም መቁረጥ ማሰቃየት ነው።» ሁለተኛው፣ «ያጨድከውን አትበትን። እያንዳንዱን ረድፍ ከበቀለበት ቦታ ጎን አስተኛው። የተቆረጠም ቢሆን አልጋውን ይወቅ።» ለምን ብሎ አልጠየቀም። እንደተባለው አደረገ፤ ሃያ ሰባት ዓመት።

ከላይ ጀምሮ ወደ ውሃው ይወርዳል። የውሃውን ጠርዝ ለመጨረሻ ያስቀረዋል። ጸጉር አስተካካይ ማጅራት ላይ ሲደርስ እስትንፋሱን እንደሚይዘው፣ እሱም እዚያ ሲደርስ ትንፋሹን ውጦ፣ ስለቱን ከመሬቱ ጋር አስተኝቶ፣ ቆዳው እስኪታይ ይላጨዋል። ኩራቱ ያለችው እዚያች ጠርዝ ላይ ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተዋወቁት በኪስ ምክንያት ነው። የመሳያ ድንጋዩን ኮቱ ኪስ ውስጥ ስለሚከት ኪሱ በየወሩ ይቀደዳል። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያሰፋ ሲመጣ ገልብጣ አየችውና፣

«ድንጋይ በኪሱ ይዞ የሚዞር ወንድ፣ እብድ ነው ባለሙያ?» አለችው።

«እንደ ቀኑ ነው።»

ሣቀች። በቆዳ ሰፋችለት። ከዚያ ወዲያ ያ ኪስ አልተቀደደም፤ እሱም ከዚያ ቤት አልወጣም።

ቤታቸው ከወንዙ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ከጎኑ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላው ቅርጫት፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉ መቀሶች፣ አንገቷ ላይ ዘወትር የማይለያት ሜትር። የመኪናው መርገጫ ምት አለው። በዚያ ምት ላይ ግጥም ትደርብበታለች። ከማን እንደሰማችው አትጠየቅም፤ አብዛኛውን የምትገጥመው ራሷ ናት። ቀሚስ ስትሰፋ ግጥሙ ይረዝማል፤ እጅጌ ላይ ስትደርስ ያጥራል።

ውሃው ይሄድ እንጂ፣ ዳሩ ምን አጠፋ፣
አበባ አቅፎ አድሮ፣ በጠዋት የከፋ።

ይህን ስትል ምላጩ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጫማውን ይፈታል። ስለሱ እንደሚናገር አላወቀም። እሷም ያኔ አላወቀችም።

ነገሩ የተጀመረው በማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ትልቅ ንድፍ ሲለጠፍ ነው። ከድልድዩ አንስቶ እስከ አሮጌው ወፍጮ ቤት የወንዙ ዳር በድንጋይና በሲሚንቶ ይገነባል ይላል። ሣሩም አፈሩም ይነሣል፤ በላዩ መንገድ ይነጠፋል። ጥቂት ሰዎች ተቃወሙ፤ ማህበር መሠረቱ። ልብስ ሰፊዋ ሰብሳቢ ሆነች፤ ድምፅ ስላላት ሳይሆን፣ ስብሰባ ላይ ሌላው ሲጮህ እሷ ቁልፍ እየተከለች ዝም ብላ ስለምታዳምጥ ነው። ከዚያ የዕፅዋት ጥናት መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ጻፈላቸው። በዚያ ዳርቻ ዐሥር ዓይነት አገር በቀል የዱር አበባ በቅሎ፣ ቆሞ ከተገኘ ቦታው ጥብቅ መስክ ይባላል፤ ግንቡ ይቀራል። የአበቦቹ ሥር አፈሩን ስለሚይዘው ለወንዙም ከድንጋይ ይሻላል ይላል ደብዳቤው።

ማህበርተኞቹ ወረዱ፤ ፈለጉ። አንድም አላገኙም።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው ያን ዕለት እራት እያቀረበች፣ «ወንዙ ዳር አበባ የለም እኮ።»

«ድሮ ነበረ። እኔ ስጀምር ሰማያዊው ብቻ ዓይን ያማልል ነበር።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

በየዓመቱ ሊያብብ ሲል፣ ዳሩ የተዝረከረከ ሲመስለው፣ ማጭዱን አንሥቶ የሚወርደው እሱ ነው። አበባ ፍሬ ሳይጥል ከተቆረጠ የዓመቱ ልጅ ከየት ይመጣል? ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እሱ ግን ንጽሕናውን እንጂ ባዶነቱን አይቶት አያውቅም። የያዘው ማንኪያ ሳህኑ ላይ ቆመ።

«ብላ እንጂ፣» አለችው ቀስ ብላ። «ማንም አልከሰሰህም።»

አልበላም።

በማግሥቱ አለቃው ዘንድ ሄደ። አለቃው በዕድሜ ልጁ የሚሆን፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት የሞቱ እስክሪብቶዎች የሚያስቀምጥ ደግ ሰው ነው። ምላጩ እስከ ውሳኔው ድረስ ላለማጨድ ፈቃድ ጠየቀው። አለቃው ሳቀ፤ «ጋሼ፣ ሌላው ሠራተኛ ሥራ ላለመሥራት ሲፈልግ ይታመማል፤ እርስዎ ደብዳቤ ይጽፋሉ!» አለው። ግን ፈረመ።

ማጭዱ ተሰቀለ። ሣሩ አደገ። ሰፈሩም ቀልዱን ጀመረ። ዳቦ ጋጋሪው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ «ምላጩ! ወንዝህ ጢሙን አሳደገ እኮ፣ ሐዘን አለበት?» ይለዋል።

«ትምህርት ገብቶ ነው፤ ምሁር ሊሆን ነው፣» ይመልሳል ምላጩ። ሲመልስ ይስቃል፤ ግን ተዳፋቱን ሲያይ እጁ ያሳክከዋል። ያልታጨደ ሣር ለሱ ያልታጠበ ፊት ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ሣር ብቻ መጣ። በሁለተኛው ሰባት አበባ። ከየት እንደመጡ፣ አፈሩ ውስጥ ስንት ዘመን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደጠበቁ ማንም አያውቅም። በሦስተኛው ዓመት ልብስ ሰፊዋ በየማለዳው እየወረደች ቆጠረች። ስማቸውን ስለማታውቅ በራሷ ሙያ ሰየመቻቸው። ክቧ ቀይ «ቁልፊት» ተባለች። ቀጭኗ ሰማያዊ «ክር መሳይ»፤ ጫፏ የሾለው «መርፌ»፤ ዙሪያዋ የተዘረዘረው «ዘርፋማ»። ዐሥራ አንድ ደረሱ። ዐሥራ ሁለተኛዋን ያገኘቻት ውሃው ጠርዝ ላይ ነው፤ ጭቃው ላይ ተለጥፋ፣ ከሣር የማትለይ፣ ላይዋ ላይ ነጭ ነጥብ ነጥብ። አረንጓዴ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር የተወጋች ስፌት ትመስላለች። «ነጭ ስፌት» አለቻት። ያን ቀን እየሮጠች መጥታ ከዕቃ ቤቱ ጎተተችው።

«ና እያት! ጎንበስ በል!»

«ጉልበቴን ዛሬ ያመኛል። ከዚህ ይታየኛል።»

«ምን ይታይሃል?»

«አረንጓዴ ነገር።»

«እሱማ ዓለም ሁሉ አረንጓዴ ነገር ነው፣» አለችና ትከሻውን መታ አድርጋ ሄደች። ነገ አያታለሁ ብሎ አሰበ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ።

ደብዳቤ ደረሰ። የዕፅዋት ባለሙያ ሐሙስ ዕለት መጥታ ትቆጥራለች።

ረቡዕ ማለዳ ልብስ ሰፊዋ የተማሪ ዩኒፎርም በጥቅል በጥቅል አስራ፣ ከከተማው ማዶ ላለ ትምህርት ቤት ልታስረክብ በአውቶቡስ ሄደች። ምላጩ ድልድዩ ላይ ብቻውን ቆመ። ነገ እንግዳ ይመጣል። ሣሩ ወገብ ድረስ ነው። አበቦቹ በመሃሉ ሰጥመው ከላይ አይታዩም። ባለሙያዋ ከሩቅ መጥታ እዚህ ስትቆም ምን ታያለች? የተንጨባረረ ጫካ። ሚስቱ ሦስት ዓመት የለፋችበትን ነገር ሣር ሸፍኖት ይቅር?

አበባውን አልነካም አለ በልቡ። በመሃሉ ያለውን ሣር ብቻ። መጋረጃውን ልክፈትላት።

ስለቱን ሳለ። ወረደ። መጀመሪያ በእውነትም ተጠንቅቆ ነበር፤ ቢጫውን ረጅም አበባ ዞሮ አለፈው፤ ቁልፊትን ዞሮ አለፋት። ዓይን የሚስበውን ሁሉ በየእቅፍ በየእቅፍ እያቆመ፣ የቀረውን አስተኛ። ክንዱ የናፈቀውን ምት አገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ የብረቱን ሹክሹክታ ሰማ። አንድ ረድፍ ሌላውን ይጠራል፤ ቀጥ ያለ መስመር ሲያይ ቀጥሎ ያለው መስመር ጠማማ ሆኖ ይታየዋል። እንዲህ እያለ ውሃው ጋ ደረሰ። እዚያ ትንፋሹን ዋጠ። ስለቱን አስተኛ። ጠርዙን እንደ ልማዱ፣ ቆዳው እስኪታይ ላጨው።

ቀና ሲል ፀሐይ ወጥታለች። አረንጓዴ ምንጣፍ፣ በላዩ የአበባ እቅፎች፣ ከእያንዳንዱ ጎን የታጨደው ረድፍ በሥርዓት ተኝቷል። ወንዙ እንዲህ አምሮበት አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሚስቱ እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ ድልድዩ ላይ ጠበቃት። ባዶ መጠቅለያዋን በክንዷ ታቅፋ መጣች። ደስ ብሎት ወደ ታች ጠቆማት።

አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወረደች፤ በታጨደው መሃል አልፋ ጠርዙ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። እጇን እርጥቡ መሬት ላይ አሳረፈች። እሱ ተከትሏት ወርዶ ከኋላዋ ቆመ።

«እዚህ ነበረች፣» አለች።

«ማን?»

እጇን ከመሬቱ አላነሣችም።

«አበቦቹን እኮ አልነካሁም። ተመልከቺ፣ ሁሉንም አስቀርቻቸዋለሁ።»

ዞራ አየችው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ብትጮህ፣ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ብላ ብታላግጥበት፣ ብትሰድበው። ዓይኗ ግን ከልብሱ ላይ የማይለቅ ቀለም እንዳየ ሰው ዓይን ነበር። ተነሥታ ቤቷ ሄደች። ያን ቀን ከስፌት መኪናው ድምፅ በቀር ሌላ ድምፅ አልወጣም፤ መርገጫው ይመታል፤ ግጥም የለም።

ሐሙስ ባለሙያዋ መጣች። ወጣት ናት፤ ቦት ጫማ፣ የፀሐይ ባርኔጣ፣ ክንዷ ላይ የእንጨት አራት ማዕዘን ክፈፍ አንጠልጥላለች። ክፈፉን መሬት ላይ እየጣለች በውስጡ ያለውን ትቆጥራለች። አለቃው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ዳቦ ጋጋሪውና ሁለት ማህበርተኞች ተከተሏት። ምላጩ ከኋላ።

ያ ቢጫው፣ እሱ እንደ ንጉሥ ዞሮ ያለፈው ረጅም አበባ ጋ ደረሰች። ክፈፉን አልጣለችም።

«ይሄ አይቆጠርም፣» አለች። «ከሰው ግቢ ያመለጠ የአትክልት አበባ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ።»

«አልተሳሳትሽም፣ ልጄ?» አላት ምላጩ።

«አልተሳሳትኩም፣ አባባ። እንዲያውም ከበዛ ሌላውን ያስጨንቃል።»

እስከ ታች ቆጠረች። ቆመው የተገኙት አገር በቀል አራት ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ስምንቱ ሣር መሳዮች፣ አጫጭር፣ ዓይን የማይጠሩ ነበሩ። ዓይን ስላልጠሩ ተቆርጠዋል። ምላጩ ገባው። እንግዳውን አክብሮ ባለቤቱን አርዶታል። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው በሱ ደረሰ።

አለቃው ጎኑ ተጠግቶ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ማን እንዳጨደው አናውቅም እንበላት። እርስዎ ላይ ጣጣ እንዳይመጣ፤ ሌላ ቀጠሮም ትሰጠን ይሆናል፣» አለው። ለክፋት አይደለም፤ ሰውየው ለጡረታው አንድ ዓመት ስለቀረው አዝኖለት ነው።

ምላጩ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ባለሙያዋ ሄደ።

«ያጨድኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? ለምን?»

«እንዲያምርልሽ ብዬ።»

ማንም አልሳቀም። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ወደ ውሃው ዞረ።

«የተቆረጡት ግን እዚህ አሉ፣» አለ ምላጩ። «ትላንት ነው ያጨድኳቸው፣ ገና አልደረቁም። እያንዳንዱ ረድፍ ከበቀለበት ጎን ተኝቷል። ይሄ ከዚህ ነው፤ ያ ከዚያ ነው። አልቀላቀልኩም፤ ቀላቅዬ አላውቅም።»

ባለሙያዋ ረድፎቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ክፈፏን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አንድ ነጭ ጨርቅ ይኖራል?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄዳ ያልተቆረጠ ነጭ ሸማ አመጣች። ዘረጉት። ከቀትር እስከ ፀሐይ ማዘቅዘቂያ ድረስ ምላጩ ረድፉን በእጁ እያነሣ ያመጣል፤ ባለሙያዋ ግንዱን ቅጠሉን እየለየች ጨርቁ ላይ ትደረድራለች፤ ልብስ ሰፊዋ በጎን በጎኑ ታስተካክላለች። አምስት። ስምንት። ዐሥራ አንድ። በመጨረሻው ረድፍ፣ ከውሃው ጠርዝ ጎን በተኛው ውስጥ፣ ጣት የማያክሉ ሦስት ግንዶች ተገኙ፤ ነጩ ነጥባቸው ገና በቅጡ አልተከፈተም። ባለሙያዋ ማጉያዋን አወጣች። ደጋግማ አየቻቸው።

«ይቺን ይሄ ወንዝ ላይ አይቻት አላውቅም፣» አለች። «አርባ ዓመት ጠፍታለች ነው የሚባለው።»

ምላጩ ያኔ ነበር ነጭ ስፌትን በቅርብ ያያት። በሸማ ላይ፣ ተቆርጣ።

«ታዲያ ዐሥራ ሁለት ሞሉ!» አለ አለቃው።

«ቅጹ የሚለው ቆሞ የተገኘ ነው። የተኛ መቁጠር አልችልም። ግን ያየሁትን እጽፋለሁ፤ አንድ ዓመት እንዲጠብቁ እጠይቃለሁ።» ከዚያ ወደ ምላጩ ዞረች። «አባባ፣ ይሄን ድርቆሽ አሁን አያንሡት። አምስት ቀን እዚሁ ይድረቅ። እያገላበጡ ያራግፉት፤ የበሰለ ፍሬ ካለው ይረግፋል። ከዚያ ሁሉንም ያውጡት። ተትቶ ከበሰበሰ አፈሩን ያሰባዋል፤ አፈር ከሰባ ጉልበተኛው ሣር ይወርሰዋል።»

«ከዚያስ? ማጭዱን ልስበረው?»

«ኧረ! ባይታጨድም ይጠፋሉ እኮ፤ ቁጥቋጦ ይውጣቸዋል። ፍሬያቸውን ከጣሉ በኋላ በየዓመቱ ይጨዱ። ጥፋቱ ማጨድዎ አይደለም፤ ጊዜው ነው።»

«የነጯስ ፍሬ?»

ባለሙያዋ ማጉያዋን ከተተች። «ገና እምቡጥ ነበረች፣» አለች።

ያ ዓመት ረጅም ነበር። ምላጩ ድርቆሹን አምስት ቀን ሙሉ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ በቀስታ እያነሣ አራገፈው። ቢጫውን ባዕድ ከነሥሩ ነቀለ። ፍሬው ሁሉ ረግፎ ግንዱ ሲደርቅ ብቻ ወርዶ አጨደ፤ ጠርዙን ግን በማጭድ አልነካውም፤ ተንበርክኮ በሚስቱ አሮጌ መቀስ እየመረጠ ከረከመው። ጉልበቱ ሲያመው ሱሪው ላይ ጨርቅ አስደረበ። ዝናቡ በርትቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለው ራቁት ዳር ከነእግረኛ መንገዱ ተንዶ ሄደ፤ የሣሩ ዳር ቆሞ ዋለ። ሰፈርተኛው ድልድዩ ላይ ተሰልፎ ይህን አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጢም የሚቀልድ ጠፋ።

ቤት ውስጥ ግን ዝምታው ነበረ። ልብስ ሰፊዋ አላኮረፈችም፤ ታበላዋለች፣ ልብሱን ትጠግናለች፣ «ብርዱን ተጠንቀቅ» ትለዋለች። ግጥም ብቻ የለም። መርገጫው እንደ ባዶ ጋሪ ይሄዳል። አንድ ምሽት ሱሪው ላይ ጨርቅ ስትደርብለት፣ ምላጩ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጫማውን እያየ፣ በማይረባ ድምፁ አንጎራጎረ። በሕይወቱ ዘፍኖ አያውቅም።

ቆርጬ ጨርሼ፣ ዞር ብዬ ሳየው፣
ልቤ ሳያውቅበት፣ እጄ ቀደመው።

መኪናው ቆመ። ክሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ከማን ሰማኸው?» አለችው።

«ከማንም።»

«ምቱ ተዛብቷል፣» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሁለተኛው ስንኝ ግን ደህና ነው፣» አለች። መርገጫውን ረገጠች። አንገቷን እንደደፋች ያንኑ ግጥም ምቱን አስተካክላ መለሰችለት፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ባለሙያዋ በዓመቱ መጣች። ክፈፏን ጣለች፤ ቆጠረች። ቁልፊት ቆማለች። ክር መሳይ ቆማለች፤ እንዲያውም ካለፈው ሦስት እጥፍ ሆናለች። መርፌ፣ ዘርፋማ፣ ሌሎቹም። ከላይ እስከ ታች ዐሥራ አንድ። ጠርዙ ጋ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በሦስተኛው ምላጩ ዓይኗን ሳያይ፣ «አትድከሚ ልጄ። በየቀኑ ፈልጌያታለሁ፣» አላት።

ዐሥር ይበቃ ነበር። ዐሥራ አንድ ተገኘ። ግንቡ ቀረ። አለቃው ወረቀቱ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም ሊመታ ከዕቃ ቤቱ ጠረጴዛ አስወጣ፤ ዳቦ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ፤ ማህበርተኞቹ ተቃቀፉ። አንዲት አሮጊት አለቀሰች። ሁሉም ወደ ምላጩ እየመጣ እጁን ጨበጠ።

«ጋሼ፣ ይኸው ተሳካ! በድል ጡረታ ይወጣሉ። ምን ያስተክዝዎታል?» አለ አለቃው።

«ምንም። እስቲ ወረቀቱን አሳየኝ።»

አነበበው። ጣቱ በየመስመሩ ወረደ። ዐሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ የነጭ ስፌት የመጽሐፍ ስሟ ተጽፏል፤ ከፊቱ «አልታየም»።

«ማን እንደቆረጣት የሚጻፍበት የለውም?» ሲል ባለሙያዋን ጠየቃት።

«የለውም፣ አባባ። አያስፈልግም እኮ፤ ቦታው ተጠብቋል።»

«የሚመጣ ሰው ግን በራሷ የጠፋች ይመስለዋል። ውሃ የወሰዳት ይመስለዋል። ወንዙ ላይ አታሳብቢ።»

ባለሙያዋ ቅጹን ገልብጣ ጀርባውን፣ ባዶውን ገጽ፣ ሰጠችው። እስክሪብቶም ሰጠችው። ምላጩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ፣ ማጭድ ሲስል እንደሚያደርገው ትንፋሹን ሰብስቦ፣ በትላልቅ ፊደል ጻፈ፦

«ይቺ አበባ እዚህ በቅላ ነበር። ሳላያት ያጨድኳት እኔ የወንዙ ዳር አጫጅ ነኝ። ዛሬም እፈልጋታለሁ።»

ጽፎ ሲጨርስ ሚስቱ ከጎኑ ቆማለች። አነበበችው። ዳቦው በእጇ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እስክሪብቶውን ከጣቱ ወሰደች። ከጽሑፉ በታች በቀጭን እጅ ጽሕፈቷ፣ ሳትቆም፣ በቃሉ እንደሚያውቀው ሰው ጨመረችበት፦

«ከድልድዩ ሦስተኛ ምሰሶ ቁልቁል ዐርባ አንድ እርምጃ። ከውሃው ጠርዝ ስልሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ሦስት ግንድ።»

ለክታት ነበር ለካ፤ ያገኘቻት ዕለት። ለማንም ሳትነግር፣ ለሱም ሳትነግር፣ ዓመት ሙሉ ቁጥሩን ይዛው ኖራለች።

ሌሎቹ አሁንም እየተሳሳቁ ነው። ባለሙያዋ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አወረደችና አንዱን ጫፍ ለባሏ ሰጠችው፤ እሱም ምን ልታደርግ እንደሆነ አልጠየቀም። ጫፉን ይዞ ከፊቷ ወደ ውሃው ወረደ።